የአንቲጅን ምርመራ በንቅለ ተከላ ሕሙማን ላይ፦ ወራሪ የፈንገስ ኢንፌክሽንን በጊዜ የማወቅ ጥረትና ገደቡ

መግቢያ

የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሕመምተኛ፣ ሰውነቱ አዲሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃው በሽታ የመከላከል አቅምን የሚገቱ መድኃኒቶችን ያለማቋረጥ ይወስዳል። እነዚህ መድኃኒቶች የተተከለውን አካል ይጠብቃሉ፤ በአንጻሩ ግን ጤነኛ ሰው በየዕለቱ ከአየር ጋር ስቦ ያለ ጉዳት የሚያስወግዳቸው የፈንገስ ስፖሮች በሳንባው ውስጥ እንዲበቅሉ ዕድል ይሰጣሉ። ፈንገሱ የሕብረ ሕዋስን ድንበር ጥሶ ሲገባና በደም ሥር በኩል ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ሲሰራጭ ወራሪ የፈንገስ ኢንፌክሽን ተከሰተ ይባላል።

በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሐኪሙ በሁለት አደጋዎች መካከል ይቆማል። ሕክምናውን ካዘገየ ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። ያለ በቂ ማስረጃ ከጀመረ ደግሞ ፀረ ፈንገስ መድኃኒቶቹ ራሳቸው የተተከለውን አካል ሊጎዱ ይችላሉ። የአንቲጅን ምርመራ የተፈለገው ይህን አጣብቂኝ ለማቅለል ነው። ሆኖም የምርመራው ውጤት ትርጉም ናሙናው ከማን፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍልና በምን ሁኔታ እንደተወሰደ እየታየ ይለዋወጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስቱን ዋና ዋና ምርመራዎች፣ ማለትም ጋላክቶማናንን፣ ቤታ-ዲ-ግሉካንንና የክሪፕቶኮከስ አንቲጅንን፣ ከአሠራራቸውና ከገደባቸው ጋር ማብራራት ነው።

የችግሩ ስፋት

በአሜሪካ 23 የንቅለ ተከላ ማዕከላትን ያካተተውና እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2006 የተካሄደው ትራንስኔት የተሰኘ የክትትል ጥናት በዘርፉ በስፋት ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። በዚህ ጥናት በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ወራሪ የፈንገስ ኢንፌክሽን የመከሰት መጠን በትንሹ አንጀት ተካዮች 11.6 በመቶ፣ በሳንባ 8.6 በመቶ፣ በጉበት 4.7 በመቶ፣ በልብ 4 በመቶ፣ በኩላሊት ደግሞ 1.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ከሚሰጠው መድኃኒት ብርታትና ከተተከለው አካል ለአየር መጋለጥ ነው።

አምጪ ተሕዋስያኑም እንደ ንቅለ ተከላው ዓይነት ይለያያሉ። በአካል ተካዮች ዘንድ ከተመዘገቡት ኢንፌክሽኖች ውስጥ ካንዲዳ 53 በመቶ፣ አስፐርጊለስ 19 በመቶ፣ ክሪፕቶኮከስ 8 በመቶ ድርሻ ነበራቸው። የደም ስቴም ሴል በተተከለላቸው ሕሙማን ዘንድ ግን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ አስፐርጊለስ 43 በመቶ በመያዝ ቀዳሚ ሆኗል። የመከሰቻ ጊዜያቸውም አንድ አይደለም። በአካል ተካዮች ላይ ካንዲዳ የሚከሰትበት መካከለኛ ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 103 ቀን ሲሆን፣ የአስፐርጊለስ 184 ቀን፣ የክሪፕቶኮከስ ደግሞ 575 ቀን ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጠበቀው በሽታ በሁለተኛው ዓመት ከሚጠበቀው የተለየ ነው፤ የሚታዘዘው ምርመራም ይህንኑ ተከትሎ መለየት ይኖርበታል።

ነባሮቹ ዘዴዎች ለምን አይበቁም?

ወራሪ የፈንገስ ኢንፌክሽንን በእርግጠኝነት የሚያረጋግጠው ከታመመው ሕብረ ሕዋስ በባዮፕሲ ናሙና ወስዶ ፈንገሱን በማይክሮስኮፕ ማየት ወይም ንጹሕ ከሆነ የሰውነት ክፍል በተወሰደ ናሙና ማሳደግ ነው። ነገር ግን ፕሌትሌቱ ካነሰ ወይም ትንፋሹ ከደከመ ሕመምተኛ ሳንባ ባዮፕሲ መውሰድ አደገኛ ነው። የደም ካልቸር የካንዲዳ ኢንፌክሽኖችን የሚያገኘው በግምት ግማሹን ብቻ ሲሆን፣ አስፐርጊለስ ፊዩሚጌተስን ከደም ማሳደግ ደግሞ እጅግ አልፎ አልፎ የሚሳካ ነው። የአክታ ካልቸር ፖዘቲቭ ቢሆን እንኳ ፈንገሱ በአየር ቧንቧ ላይ ያለ ጉዳት ሰፍሮ ይሁን ወይም ሳንባውን ወርሮ አይለይም።

አንቲቦዲን መፈለግም በዚህ ቦታ ብዙ አይረዳም። አንቲቦዲ የሚመረተው በሕመምተኛው የመከላከል ሥርዓት ነው፤ ያ ሥርዓት ደግሞ በመድኃኒት ሆን ተብሎ ተዳክሟል። አንቲጅን ግን የፈንገሱ የራሱ አካል በመሆኑ መገኘቱ በሕመምተኛው የመከላከል ብቃት ላይ አይመሠረትም። ከአንቲቦዲ ይልቅ አንቲጅንን የመፈለግ ሐሳብ በንቅለ ተከላ ሕክምና ውስጥ ሥር የሰደደው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋላክቶማናን፦ አሠራሩ

ጋላክቶማናን በአስፐርጊለስ የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ የሚገኝ ፖሊሳካራይድ ሲሆን፣ የፈንገሱ ክሮች በሚያድጉበት ጊዜ ወደ አካባቢያቸው ይለቀቃል። ክሮቹ የደም ሥርን ሲወርሩ ንጥረ ነገሩ በደም ውስጥ ይገኛል። በአሁኑ ጊዜ በስፋት የሚሠራበት የኤላይዛ ምርመራ ኢቢ-ኤ2 የተባለ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ይጠቀማል። ይህ አንቲቦዲ የጋላክቶማናንን የጎን ሰንሰለት፣ ማለትም ጋላክቶፉራኖዝን፣ ለይቶ ይይዛል። ናሙናው በመጀመሪያ በኤዲቲኤ ታክሞ ይሞቃል፤ ይህም አንቲጅኑን ከያዙት ፕሮቲኖች ያላቅቀዋል። ከዚያም አንቲጅኑ በሁለት የአንቲቦዲ ንብርብሮች መካከል ይያዝና የቀለም ለውጥ ይፈጥራል። የናሙናው የብርሃን ንባብ ለማነጻጸሪያ በተዘጋጀው ናሙና ንባብ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ኢንዴክስ ይባላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሴረም፣ በ2011 ደግሞ ለሳንባ እጥበት ፈሳሽ ፈቅዷል። የመለያ ወሰኑም 0.5 ነው። የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅትና የማይኮሲስ ጥናት ቡድን በጋራ ያወጡት የ2020 የምርምር መስፈርት ግን ወሰኑን ከፍ አድርጎታል። በዚህ መስፈርት መሠረት በአንድ የሴረም ወይም የሳንባ እጥበት ናሙና 1.0 እና ከዚያ በላይ፣ አልያም በሴረም 0.7 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በእጥበት ፈሳሹ 0.8 እና ከዚያ በላይ ሲገኝ እንደ ማይኮሎጂ ማስረጃ ይቆጠራል። ይህ ማስረጃ ከሕመምተኛው ተጋላጭነትና ከሲቲ ስካን ምልክቶች ጋር ሲጣመር ምርመራውን «ሊሆን ይችላል» ከሚባለው ደረጃ «የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው» ወደሚባለው ያሸጋግረዋል። «ተረጋገጠ» ለማለት ግን አያበቃም።

አንድ ቁጥር፣ የተለያየ ትርጉም

የአንድ ምርመራ ሴንሲቲቪቲ በሽታው ካለባቸው ሰዎች ምን ያህሉን ፖዘቲቭ እንደሚል ያሳያል፤ ስፔሲፊሲቲ ደግሞ በሽታው ከሌለባቸው ምን ያህሉን ኔጋቲቭ እንደሚል ይገልጻል። ፋይፈርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የጥናቶች ጥቅል ትንታኔ፣ የሴረም ጋላክቶማናን ሴንሲቲቪቲ የደም ስቴም ሴል በተተከለላቸው ሕሙማን 82 በመቶ ሲሆን፣ አካል በተተከለላቸው ግን 22 በመቶ ብቻ ነበር። ስፔሲፊሲቲው በቅደም ተከተል 86 እና 84 በመቶ ነው። በአካል ተካዮች ላይ የተካሄዱት ጥናቶች ጥቂት መሆናቸውን ማስታወስ ቢገባም የልዩነቱ አቅጣጫ ግልጽ ነው።

የልዩነቱ ምክንያት በሕመምተኛው ደም ውስጥ ይገኛል። ስቴም ሴል የተተከለለት ሰው ለሳምንታት ኒውትሮፊል አልባ ሆኖ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ፈንገሱ ያለ ከልካይ የደም ሥሮችን ይወርራል፣ አንቲጅኑም በብዛት ወደ ደም ይገባል። ኩላሊት ወይም ሳንባ የተተከለለት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኒውትሮፊል አለው። ኢንፌክሽኑ በአየር ቧንቧና በሳንባ ሕብረ ሕዋስ አካባቢ ይወሰናል፤ ወደ ደም የሚደርሰው አንቲጅንም አነስተኛ ከመሆኑ በላይ ቶሎ ይወገዳል። በዚህም የተነሳ በአካል ተካዮች ዘንድ ተመራጩ ናሙና የሳንባ እጥበት ፈሳሽ ነው።

የበሽታው የመገኘት መጠን ሲጨመርበት ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል። ለማስረጃ ያህል ምልክት የሌላቸው 1,000 የኩላሊት ተካዮች በሴረም ጋላክቶማናን ቢመረመሩና ከእነዚህ 10ሩ ብቻ በሽታው ቢኖርባቸው፣ ከላይ በተጠቀሱት ቁጥሮች መሠረት ምርመራው ከ10ሩ 2ቱን ያገኛል። በሽታው ከሌለባቸው 990 ሰዎች መካከል ግን 158 ያህሉን በስህተት ፖዘቲቭ ይላል። ይህም ማለት ከ160 ፖዘቲቭ ውጤቶች እውነተኞቹ 2 ብቻ ናቸው። በአንጻሩ 1,000 የስቴም ሴል ተካዮች ተመርምረው 100ው ቢታመሙ፣ ምርመራው 82ቱን ሲያገኝ 126 ጤነኞችን በስህተት ይቆጥራል፤ የፖዘቲቭ ውጤት ተአማኒነትም ወደ 39 በመቶ ከፍ ይላል። ከእነዚሁ የስቴም ሴል ተካዮች መካከል ትኩሳት ያላቸውና በሲቲ ስካን አጠራጣሪ ምልክት የታየባቸው ብቻ ቢመረጡና የበሽታው ዕድል 40 በመቶ ቢደርስ ደግሞ ተአማኒነቱ 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ምርመራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተጠየቀበት ሁኔታ ነው።

የአሜሪካ የተላላፊ በሽታዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የሴረም ጋላክቶማናን በአካል ተካዮች ላይ ለመደበኛ ቅድመ ልየታ እንዳይውል የመከረው ከዚህ ጋር በሚስማማ ምክንያት ነው። መመሪያው ሻጋታን የሚገታ የመከላከያ መድኃኒት በሚወስዱ የደም ካንሰርና የስቴም ሴል ሕሙማን ላይም መደበኛ የደም ክትትልን አይደግፍም። መድኃኒቱ የበሽታውን መጠን ስለሚቀንስ አብዛኞቹ ፖዘቲቭ ውጤቶች ሐሰተኛ ይሆናሉና።

የስህተት ምንጮች

የጋላክቶማናን ሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት ከተለያዩ ምንጮች ይመጣል። ሂስቶፕላዝማ፣ ፉዛሪየምና ፔኒሲሊየም ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ስላላቸው አንቲቦዲው ከእነርሱም ጋር ይያያዛል። ግሉኮኔት ያለባቸው የደም ሥር ፈሳሾችም ውጤቱን ሊያዛቡ ይችላሉ። ፒፐራሲሊን-ታዞባክታም የተባለው አንቲባዮቲክ ቀደም ባሉት ዓመታት በዚህ ረገድ ይታወቅ የነበረ ሲሆን፣ በኋላ በተመረቱት ዓይነቶች ችግሩ በእጅጉ ቀንሷል። የአንጀት ሽፋን በኬሞቴራፒ ወይም ተካዩን በሚያጠቃው የለጋሽ ሕዋስ ምክንያት ሲቆስልም በምግብ ውስጥ ያለ ጋላክቶማናን ወደ ደም ሊያልፍ ይችላል።

ሐሰተኛ ኔጋቲቭ ውጤት የሚያስከትሉት ደግሞ በዋናነት ከናሙናው በፊት የተሰጠ ፀረ ፈንገስ መድኃኒትና የኒውትሮፊል መኖር ናቸው። ስለሆነም የላቦራቶሪ ጥያቄ ወረቀት ላይ የንቅለ ተከላው ዓይነት፣ የኒውትሮፊል ቁጥርና የሚወሰዱት መድኃኒቶች መመዝገብ አለባቸው። እነዚህ መረጃዎች የሌሉበት ኢንዴክስ ለትርጓሜ አስቸጋሪ ነው።

ቤታ-ዲ-ግሉካን፦ ሰፊ መረብ

ቤታ-ዲ-ግሉካን በአብዛኞቹ ፈንገሶች የሕዋስ ግድግዳ ውስጥ ይገኛል። ምርመራው በጥብቅ አነጋገር በአንቲቦዲ ላይ የተመሠረተ አይደለም። ሆርስሹ ክራብ ከተባለ የባሕር እንስሳ የደም ሕዋሳት የሚዘጋጀው ውሕድ ፋክተር ጂ የተባለ ፕሮቲን ይዟል፤ ይህ ፕሮቲን ግሉካን ሲያገኝ የእንስሳውን የደም መርጋት ሰንሰለት ያስነሳል። የተነሳው ሰንሰለት በቀለም ለውጥ ይለካል። በአሜሪካ በተፈቀደው ምርመራ 80 ፒኮግራም በሚሊሊትር እና ከዚያ በላይ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ከ60 እስከ 79 ያለው ውሳኔ የማይሰጥበት ክልል ነው።

ምርመራው ካንዲዳን፣ አስፐርጊለስንና ኒሞሲስቲስን ሊያመለክት ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይነግርም። በሴሉሎስ ማጣሪያ የሚደረግ የኩላሊት እጥበት፣ አልቡሚን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊንና በቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚገባ ፋሻ ውጤቱን ከፍ ያደርጉታል። እነዚህ ሁሉ በንቅለ ተከላ ሕክምና የዕለት ተዕለት ነገሮች በመሆናቸው፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት የተገኘ ፖዘቲቭ ውጤት ብቻውን ሚዛን አይደፋም። በተከታታይ ናሙናዎች መደገሙ ተአማኒነቱን ይጨምራል። የምርመራው ዋና ጥቅም ዕድሉ ዝቅተኛ በሆነ ሕመምተኛ ላይ በሚገኝ ኔጋቲቭ ውጤት ላይ ያመዝናል።

ጋላክቶማናንም ሆነ ቤታ-ዲ-ግሉካን የሙኮራሌስ ፈንገሶችን አያገኙም። ይህ ክፍተት ለሕይወት አስጊ ነው፤ ምክንያቱም ለአስፐርጊለስ ቀዳሚ ሕክምና የሆነው ቮሪኮናዞል በሙኮራሌስ ላይ አይሠራም። ፊቱ ያበጠ፣ በአፍንጫው ወይም በላንቃው ላይ የጠቆረ ቁስል የታየበት ተካይ ሁለቱም ምርመራዎች ኔጋቲቭ ስለሆኑ ብቻ ነጻ ነው ሊባል አይችልም፤ ባዮፕሲ ያስፈልገዋል።

የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን

ክሪፕቶኮከስ በወፍራም የፖሊሳካራይድ ካባ የተሸፈነ እርሾ ሲሆን፣ ከካባው የሚለቀቀው ግሉኩሮኖክሲሎማናን በሴረምና በአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የተፈቀደው የወረቀት ዘንግ ምርመራ በ10 ደቂቃ ውስጥ ውጤት ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክም ሆነ ውስብስብ መሣሪያ አይፈልግም። በማጅራት ገትር ሕሙማን ላይ ሴንሲቲቪቲውም ስፔሲፊሲቲውም ከ95 በመቶ በላይ መሆኑ ተደጋግሞ ታይቷል።

በንቅለ ተከላ ሕሙማን ላይ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ በሽታው በሳንባ ብቻ ከተወሰነ የሴረም አንቲጅን ኔጋቲቭ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ የአንቲጅኑ መጠን እጅግ ሲበዛ ዘንጉ ላይ ያለው መስመር ሊደበዝዝ ወይም ሊጠፋ ስለሚችል፣ ጥርጣሬው ከፍተኛ ከሆነ ናሙናውን አቅጥኖ መድገም ይገባል። ሦስተኛ፣ አንቲጅኑ ከተሳካ ሕክምና በኋላም ለወራት ስለሚቆይ ሕክምናን ለማቆም ወይም ለማራዘም በመለኪያነት አያገለግልም። ሴረሙ ፖዘቲቭ በሆነ ጊዜ ራስ ምታት ባይኖርም የአከርካሪ ፈሳሽ መመርመር አለበት፤ የሕክምናው ዓይነትና ርዝመት ፈንገሱ ወደ አንጎል ደርሶ እንደሆነ በማወቅ ይወሰናልና።

በኢትዮጵያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተጀምሯል። ከላይ የቀረበው ስሌት ለእንዲህ ያለ የኩላሊት ማዕከል ግልጽ መልእክት አለው። ሁሉንም ተካዮች በየጊዜው በሴረም ጋላክቶማናን ማጣራት ወጪውን የሚመልስ አይደለም። በተጨማሪም የኤላይዛ ሳህን በአንድ ጊዜ ብዙ ናሙናዎችን ለመሥራት የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ናሙናው ጥቂት በሆነበት ላቦራቶሪ ወይ የአንዱ ዋጋ ይንራል፣ ወይም ናሙና እስኪጠራቀም ውጤቱ ይዘገያል። የክሪፕቶኮከስ ዘንግ ግን በአንድ ናሙና ይሠራል። የዓለም የጤና ድርጅት የሲዲ4 ቁጥራቸው ከ100 በታች ለሆነ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ይህን ምርመራ የሚመክር በመሆኑ፣ በኤችአይቪ ሕክምና ዘርፍ የተገኘውን ልምድ ወደ ንቅለ ተከላ ክትትል ማሸጋገር ይቻላል። የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገር በሳንባ ምስል ላይ የታየ እባጭ ወይም ጉድጓድ በቅድሚያ ለነቀርሳ መሰጠቱ የሚጠበቅ ነው። ሆኖም ከንቅለ ተከላ በኋላ እንዲህ ያለ ምስል የታየበት ሕመምተኛ የአክታ ምርመራው እየተጠበቀ የክሪፕቶኮከስ አንቲጅንም ቢታይለት ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከውጤት ወደ ውሳኔ

ሄርብሬክትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ ወራሪ አስፐርጊሎሲስ ካለባቸው ሕሙማን መካከል በ12ኛው ሳምንት በሕይወት የነበሩት በቮሪኮናዞል ከታከሙት 70.8 በመቶ፣ በአምፎቴሪሲን ቢ ከታከሙት ደግሞ 57.9 በመቶ ነበሩ። መድኃኒቱ ሕይወት ማዳኑ የማያከራክር ነው። ነገር ግን ቮሪኮናዞል ታክሮሊመስን የሚያስወግደውን የጉበት ኤንዛይም ስለሚገታ፣ ሁለቱ አብረው ሲሰጡ የታክሮሊመስ መጠን ወደ አንድ ሦስተኛ መቀነስ አለበት። ካልተቀነሰ ታክሮሊመሱ በደም ውስጥ ተከማችቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ቮሪኮናዞሉ ሲቆም ደግሞ መጠኑ ተመልሶ ካልተስተካከለ ታክሮሊመሱ ይወርዳል፤ ሰውነቱም የተተከለውን አካል ሊያጠቃ ይችላል። አምፎቴሪሲን ቢ በበኩሉ ኩላሊትን በቀጥታ ይጎዳል። አንድ ዘመድ ከአካሉ ቆርሶ የሰጠው ኩላሊት በሐሰተኛ ፖዘቲቭ ውጤት ሳቢያ ሊጠፋ መቻሉ የምርመራውን ትርጓሜ ከላቦራቶሪ ጉዳይነት በላይ ያደርገዋል።

ስለዚህ የአንቲጅን ውጤት ለሦስት ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ በኋላ ቢነበብ ይመረጣል። ከምርመራው በፊት የበሽታው ዕድል ምን ያህል ነበር? ናሙናው በሽታው ከሚጠረጠርበት ቦታ ተወስዷል? ውጤቱን ሊያዛባ የሚችል መድኃኒት ወይም ሁኔታ አለ? ዕድሉ ከፍተኛ ሆኖ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ሕክምናን ማዘግየት ተገቢ አይደለም። ዕድሉ ዝቅተኛ ሆኖ ውጤቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ምርመራውን በአዲስ ናሙና መድገምና ሲቲ ስካን ማየት ይቀድማል። ዕድሉ ከፍተኛ ሆኖ ውጤቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው በሳንባ እጥበት ወይም በባዮፕሲ መቀጠል አለበት።

ማጠቃለያ

የአንቲጅን ምርመራ ከካልቸር ይልቅ ፈጣን፣ ከባዮፕሲም ይልቅ ለሕመምተኛው ቀላል ነው። ጋላክቶማናን ኒውትሮፊል በጎደላቸው የስቴም ሴል ተካዮች ደምና በአካል ተካዮች የሳንባ እጥበት ፈሳሽ ውስጥ ይጠቅማል። ቤታ-ዲ-ግሉካን ከማረጋገጥ ይልቅ ጥርጣሬን ለመቀነስ ይረዳል። የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን ደግሞ በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ አስተማማኝ መልስ በመስጠት ከሁሉም ይልቃል። ሦስቱም ቢሆኑ ሙኮራሌስን አያገኙም። ቁጥር የሚፈልገው ሐኪምና ቁጥር የሚሰጠው ላቦራቶሪ ስለ ሕመምተኛው ሁኔታ ሲነጋገሩ፣ ያው ኢንዴክስ የተተከለውን አካልም ሕመምተኛውንም ለመታደግ ይውላል።